ዛጎሎቹን የማጽዳት ተራ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4

አፒሳይ ጸጉሩን የሚቀባው የኮኮናት ቅባት ሸተተኝ። ስንት ዓመት አብሬው የተኛሁበት ቅባት ዛሬ አፍንጫዬ ሲደርስ አንጀቴን ገለበጠው። ሰሌኔን ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። "ምን በደልኩሽ?" ይለኛል ከውስጥ። ምንም አልበደለኝም። ሸተተኝ በቃ! ባል ሲሸት ምን ተብሎ ይነገረዋል?

በረንዳው ላይ ደግሞ ከሊቀመንበራችን ከሶሎሞኔ ቤት የያቆናው ሽታ ይመጣል። ወንዶቹ ያንን ሥር በውሃ እያሹ ጭቃ የመሰለ ነገር ይጠጣሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ደግሞ ይጠጣሉ። የሶሎሞኔ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል። "ዓሣው ደጃችን ላይ እየዋኘ እኛ የቆርቆሮ ዓሣ እንብላ? ለሴቶቹ ዛጎል ተብሎ?" ሲል ሁሉም ሳቁ።

ለሴቶቹ ዛጎል! ከኮራሉ ወዲህ ያለው ውሃ ከመገዘቱ በፊት ምን ነበር? አረንጓዴ ዝቃጭ። እግርሽን ስትነክሪ የሚያሳክክ። ባላባታችን ማንም እንዳያጠምድበት ብለው የገዘቱት እኛ ቫሱዋ የሚባለውን ትልቅ ዛጎል እንድናረባበት ነው። ቫሱዋዎቹ ባሕሩን ይጠጡታል፣ አጣርተው መልሰው ይተፉታል። ውሃው ጠራ፣ ኮራሉ ቀለም አወጣ፣ ትናንሽ ዓሦች ዛጎሎቹ ሥር ቤት ሠሩ፣ ትናንሾቹን ብለው ትልልቆቹ መጡ። አሁን ሶሎሞኔ ትልልቆቹን እያየ ምራቁን ይውጣል። እኛ ሴቶች በሽቦ ሣጥን ያሳደግናቸውን ቫሱዋዎች የገና በዓል ሳይደርስ ኮራሉ ላይ ከተከልን ግዝቱ ይቀጥላል። ካልተከልን ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ አውቃለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው የዓሣ ጦር ያልገባበት የኮራል ጉድጓድ አይቀርም።

ሲያስጠሉኝ! ሆዳቸው ብቻ!

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

የእኔ ተራ። ውሃው ሲሸሽ ገባሁ። ሁለቱን ሣጥን አጸዳሁ፣ ሌሎቹን ከላይ አየኋቸው። ደህና ናቸው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

"ከላይ አየኋቸው" ብዬ መጻፌ አናደደኝ። ከላይ ማየት ማጽዳት አይደለም። ይህን ለሴቶቹ ሁሉ ያስተማርኩ እኔው ነኝ። ክዳኑን ትከፍቻለሽ፣ እያንዳንዷን ቫሱዋ ታነሻለሽ፣ በጥርስ ብሩሽ አረንጓዴውን ትፍቂያለሽ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ከሥሯ ያለውን ቀዳዳ ታያለሽ። ሩዝ የምታክለው ቀንድ አውጣ የምትደበቀው እዚያ ነው። አንዷን ካለፍሻት ትራባለች፣ ልጆቿም ቫሱዋዋን በቁሟ መጥምጠው ይጨርሷታል። ስለዚህ ሁሉም ሴት የራሷ ሣጥኖች፣ የራሷም ቀን አላት። የእኔዎቹ ዳር ላይ ያሉት ናቸው።

ግን ሽታው! ከሣጥኑ ውስጥ የሚወጣው ያ የባሕር ቅጠልና የጨው ጠረን እጄ ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ ተከተለኝ። በሎሚ ታጠብኩ፣ በሳሙና ታጠብኩ፣ በአሸዋ ፈተግኩት። ጎደሬ ልልጥ ስቀመጥ ከጣቶቼ ውስጥ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ኖሬ ይህ ነገር ሽታ እንዳለው አላውቅም ነበር።

የበላሁት ነገር ነው። ያልፋል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 12

ዛሬ ራይጄሊን ላግዛት ሣጥኖቿ ጋ ገብቼ ውሃው ውስጥ አስመለሰኝ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ እኔን መቀለጃ ማድረግ መብቷ ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ተጠቅማበታለች።

"ምነው ሴሩዋያ፣ ዓሦቹን ቁርስ ልታበያቸው ነው?"

"የቆርቆሮ ዓሣ ነው። ተበላሽቶ ነበር።"

"ድንቄም ቆርቆሮ! አፒሳይስ ከዚያው ቆርቆሮ አልበላም? ጠዋት እንደ ኮርማ ጤነኛ ሆኖ ሲያፏጭ አየሁት።"

"የእሱ ሆድ ድንጋይ ይፈጫል።"

"ያንቺስ ምን ይፈጫል?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ትክ ብላ አየችኝ። ፊቴን አዙሬ አፌን በባሕር ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ያ ደግሞ ባሰ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 16

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ በአማቴ በእማማ ሊቲያና ቤት ነበር። የሚያስጠላ ቀን። ሶሎሞኔ ተጋባዥ ሆኖ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የዶሮውን አንገት ሲመጠምጥ ዋለ። የሚመጠምጥበት ድምፅ! ስቡ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ በጣቱ ጠርጎ መልሶ ይልሰዋል። ጉሮሮዬ ላይ የደረሰውን በጸሎት መለስኩት።

"ሴሩዋያ፣ ዛጎሎችሽ እንዴት ናቸው?" አለኝ አፉ እንደሞላ።

"ያድጋሉ።"

"እሰይ። እኔ እንኳ ለገና እንግዶቹ ምን እናብላ እያልኩ ነበር። የተቀቀለ ዛጎል በሎሚ አይጠላም።"

ሁሉም ሳቀ። ሜሬዋይ ብቻ አልሳቀችም። ሜሬዋይ የአፒሳይ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት፣ ዘንድሮ ከሌላ ደሴት የመጣች፣ ገና ሙሽራ። ሥጋውን ለሽማግሌዎቹ አቅርባ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። "ጋሼ ሶሎሞኔ፣ የእኛ ደሴት ላይ ግዝቱን አንስተው ውሃውን የከፈቱት ሰዎች እስከ ዛሬ ዝቃጩን ነው የሚበሉት" አለች ቀስ ብላ።  ሙሽራ እንዲህ አትናገርም። ግን እኔ ሆዴ ውስጥ "ጎሽ!" አልኳት።

እማማ ሊቲያና የሜሬዋይን ወገብ አዩ። ሁልጊዜ ያዩታል፣ እንደ ሁሉም አማት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ መጣና ትንሽ ቆየ። ምን እንደሚያዩ እንጃ። የእኔ እንኳ የዕድሜ ነገር ነው። እናቴም በእኔ ዕድሜ ነው የወር አበባ የቀረባት፣ እሷንም እንዲሁ ያቅለሸልሻት ነበር።

ማታ ልብስ ሳወጣ የልብስ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ሰሌኖች አየሁ። ያኔ ሴቶቹ ሁሉ ለሚወለደው ሠርተው ያመጡልኝ፣ ዳራቸው በቀይ ክር የተጠለፈ። በዚያ ሳምንት ነገሩ ሁሉ ሲያልቅ መልሼ ልስጣቸው ብል አልቀበል አሉኝ። "ለሌላ ጊዜ ይሆናል" አሉኝ፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው። የዚያ አንገት ነገር! ከሞቱ ይልቅ የጠላሁት እሱን ነው። መንደሩ ሁሉ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከረመ። ክዳኑን ከድኜ ላዩ ላይ ድስት ጫንኩበት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ዝናብ። አልሄድኩም። ራይጄሊ "አጸዳሽ?" አለች። አዎ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 27

እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ሽታው መጣ። ተመለስኩ። ራይጄሊ ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እኔም ብሩሹን ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩላት።

አስጸያፊ ሴት ነኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 3

ሞተዋል። የእኔ ሣጥኖች። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ። ክዳኑን ስከፍት ያ ሽታ እንደ ጥፊ መታኝ። የሞተች ቫሱዋ አፏን ትከፍታለች፣ ውስጧ ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ይጠፋና ግራጫ ንፍጥ ሆኖ ይቀልጣል። እዚያ ግራጫ ላይ ትናንሽ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። ይበላሉ። ሁሉም ነገር ይበላል፣ ዓለም ሁሉ አፍ ነው!

እያስመለሰኝ የሞቱትን አውጥቼ ከኮራሉ ወዲያ ወረወርኳቸው፣ ሰው ሳያይ። ከዚያ አየሁ፤ አጠገብ ያሉት የራይጄሊ ሣጥኖች ውስጥም ጀምሮታል። የእሷዎቹ ደግሞ ንጹሕ ናቸው፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ነው የምታጸዳቸው።

ማዕበል አምጥቶት ይሆናል። ባለፈው የነበረው ሙቀት ይሆናል። ሙቀት ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 6

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ነገሩ ከእኔ ሣጥኖች ወደ ሁሉም እየተዛመተ ነው። እኔ የሴቶቹ መሪ ስለሆንኩ መናገር ነበረብኝ፣ ስለ ሙቀት ተናገርኩ። አንዷም አላመነችኝም። እማማ ሊቲያና ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ተናገሩ።

"ከመካከላችን የያዘች አለች። ይዛ የደበቀች። ደብቃ ውሃ የምትገባ።"

ይህ ነገር እናቴም የምትለው፣ የእናቷም እናት የምትለው ነው። ያረገዘች ሴት ካልተናገረች መረቡ ባዶ ይወጣል፣ ጎደሬው ይበሰብሳል፣ ባሕሩ ይኮራል። ብድግ አልኩ።

"እማማ፣ ይህ የድሮ ወሬ ነው! ቫሱዋ በሰው ሆድ ምን አገባት?"

"ባሕር ያውቃል፣ ልጄ።"

"ባሕር ጨው ነው የሚያውቀው! በዚህ ዘመን የሰው ሆድ ሆድ ስናይ እንዋል? አሳፋሪ ነው። እኔ በበኩሌ ያቅለሸልሸኛል።"

"እሱንስ አየን" አለች ራይጄሊ ከኋላ፣ ቀስ ብላ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ዓይኖቹ ሁሉ ወደ ሜሬዋይ ዞሩ። ከሁሉ ትንሿ፣ አዲስ ሙሽራ፣ ከሌላ ደሴት የመጣች። ሌላ ማን ይጠረጠራል? ልጅቷ ፊቷ ደም መሰለ። "እኔ አይደለሁም" አለች። አንዷ "ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው" አለቻት።

መሪ ነኝ። "ተዉአት" ማለት እችል ነበር። ሙቀቱ ራሴን ይዞኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 10

ሜሬዋይን ውሃ እንዳትገባ ከለከሏት። አሸዋው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሽርጧን ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ፣ እኛ ስንሠራ ታየናለች። የእሷ ሣጥኖች ለሌላ ሴት ተሰጡ። እኔ ከውሃው ዳር ሆኜ ዞር ብዬ አላየኋትም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 14

እማማ ሊቲያና ሳይጠሩ መጡ። ያልበሰለ ማንጎ በጨውና በሚጥሚጣ ከትፈው በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። "ለሆድሽ" አሉ፣ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ሌላ ምንም አላሉም። ሳልጠግብ ቅጠሉን ላስኩት። ከሳምንታት በኋላ የጣመኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

አፒሳይ ጸጉሩን መቀባት ትቷል። "ምነው?" ብለው "ቅባቱ አለቀ" አለኝ። ጠርሙሱን በሩ ጀርባ አየሁት፣ ግማሽ ድረስ አለ። ሰሌኔን ከበረንዳ አስገባው፣ እኔም ውስጥ ተኛሁ።

ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ እኔ የተኛሁ ይመስል። እጅ እጅ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 17

ራይጄሊ ሣጥኔን ገልብጣ ጠበቀችኝ። በመዳፏ ላይ ቀንድ አውጣዎቹ ነበሩ፣ እፍኝ ሙሉ፣ የሚንቀሳቀስ ሩዝ።

"ይህ ሙቀት ነው?"

"ማዕበል..."

"ማዕበል! ማዕበል ሣጥኑን ከፍቶ ቀንድ አውጣ ዘራ? ሴሩዋያ፣ ይህ የአንድ ሳምንት አይደለም። ይህ ከኦክቶበር ጀምሮ ብሩሽ አልነካውም። ያንቺ ሞልቶ ነው ወደኔ የተሳበው፣ ከኔ ወደ ሌላዋ። ተራው የማን ነበር?"

"የእኔ።"

"እና?"

ሽታው ከመዳፏ ላይ መጣና ዞሬ አስመለሰኝ። ስጨርስ ራይጄሊ አፌን በሽርጧ ጫፍ ጠረገችልኝ፣ እንደ ልጅ። ቀንድ አውጣዎቹን ድንጋይ ላይ አፍስሳ በተረከዟ አደቀቀቻቸው።

"እሺ" አለች። "ማዕበል ነው። ማዕበል ይሁንልሽ። ግን ያቺ ልጅ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች።"

ለሴቶቹ ስለ ቀንድ አውጣ ብቻ ነገረቻቸው፣ የማን ሣጥን እንደሆነ አልተናገረችም። እነሱም "አያችሁ፣ ባሕሩ ነው የላካቸው" አሉ። እግዚኦ! የሰው ልጅ ዓይኑ ሥር ያስቀመጥሽለትን ትቶ ደመና ላይ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ደመናውን እያሳየሁ ቆምኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 25

ዛሬ ባላባቱ ቤት ስብሰባ ነበር። ልተኛ አልቻልኩም፣ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ሶሎሞኔ ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሴቶቹ ደክመዋል፣ እናመሰግናለን። ዛጎሎቹ ግን እየሞቱ ነው። ቃላችን ቃል ነው፣ ገና ሲመጣ ውሃው ይከፈት" አለ። ምራቁ በከንፈሩ ጥግ ነጭ ሆኖ ተከማችቷል። ዓሣውን አሁኑኑ እያኘከው ነው። ወንዶቹ አጉረመረሙ። የኔው ባል መሬት መሬት ያያል።

ራይጄሊ ተነሳች። የተረፉትን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥተን ካጸዳን፣ በሚመጣው ታላቅ የውሃ ሽሽት ቀን ሁሉም ሴት ከገባች፣ ጤነኞቹን በዚያው ቀን ኮራሉ ላይ መትከል እንችላለን አለች። ባላባቱ ብዙ አሰቡ። "በዚያ ቀን ከተከላችሁ ግዝቱ ይጸናል፣ ካልተከላችሁ ይነሳል" አሉ። ጥሩ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

"አንድ ነገር ይቀራል" አለ ሶሎሞኔ። "የደበቀችው። እሷ መንደር ውስጥ እያለች ቢጸዳስ ምን ዋጋ አለው? ልጅቷ ነገሯ እስኪለይ ወደ ወላጆቿ ደሴት ትሂድ።" ልጅቷ! ስሟን እንኳ አልጠራም። በዚያ ምሳ ላይ አፉን ስላስዘጋችው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ሴቶቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የሜሬዋይ ባል እጁን ጨብጦ ቆመ፣ ታላቆቹ አስቀመጡት። ሜሬዋይ በሩ አጠገብ ነበረች። አላለቀሰችም። "እናቴ ምን ልትል ነው?" ብቻ አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከውሃው ሽሽት ማግሥት በጀልባ እንድትሄድ ተወሰነ።

እኔስ? ተቀምጬ ነበር። እጄ ሽርጤ ሥር ሆዴ ላይ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ እንደማስቀምጠው አላውቅም።

ራሴን አስጠላኝ። ሶሎሞኔ ያስጠላል፣ ግን ቢያንስ የሚፈልገውን ይናገራል። ዓሣ ይፈልጋል፣ "ዓሣ" ይላል። እኔ ምን እፈልጋለሁ? ያ አንገት እንዳይዘነበልብኝ። ለዚያ ስል ቫሱዋዎቹን ለቀንድ አውጣ ሰጠሁ፣ አሁን ደግሞ ልጅቷን ልሰጥ ነው።

እሺ፣ ልጻፈው። አይ፣ አልጽፈውም። ያኔም ገና ሳልናገር ደህና ነበር። ሰሌኖቹ በመጡ በሳምንቱ ነው ያጣሁት። እኔ የእማማን ወሬ የድሮ ወሬ ያልኩት ሴትዮ፣ አንድ ቃል ብጽፍ ይሰማል ብዬ በደብተሬ ላይ እንኳ እፈራለሁ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 3

ውሃው ከወትሮው ርቆ ሸሸ። ኮራሉ ጀርባውን አወጣ። ሴቶቹ ሁሉ ብሩሽና ቅርጫት ይዘው አሸዋው ላይ ቆመዋል። ሜሬዋይ ከኋላ፣ ጥቅሏ ለነገው ጀልባ ተዘጋጅቶ፣ ልትሰናበት መጥታ።

እማማ ሊቲያና ከመግባታችን በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ። እንደ ደንቡ።

"የያዘች ካለች እዚሁ ትቀመጥ። አሸዋው አይነክስም።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ወደ ሜሬዋይ አዩ። ልጅቷ ወደ ፊት ወጣች። "ምን ላሳያችሁ? ዛሬ ጠዋት ያጠብኩትን የደሜን ጨርቅ ላምጣላችሁ?" አለች። አንዷ ሴት "ነውር ነው፣ ዝም በይ" አለቻት። ነውር! እሷን ነውር አለቻት!

አስቤ አይደለም፣ ደፍሬም አይደለም። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ብሩሹ በእጄ እንዳለ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። አንዷ "ታመምሽ?" አለች። ራይጄሊ ግን ቅርጫቷን ጣለችና ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"በመጨረሻ! የስንት ሰው ወገብ ካስቆረጥሽ በኋላ! ከሁለት ሳምንት ወዲህ ተደብቄ ሣጥኖችሽን የማጸዳው እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ? ጀርባዬ ተሰንጥቋል! ይሄ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የእኔን ጀርባ ነው የሚያሸው!"

አንዳንዷ ሳቀች፣ አንዳንዷ አፏን ያዘች። እማማ ሊቲያና አጠገቤ ቁጭ አሉ። "ከማንጎው በፊት ነው ያወቅኩት" አሉ ቀስ ብለው።

"ለምን ዝም አሉ ታዲያ?"

"አፉ ያንቺ ነዋ።"

"ፈራሁ እማማ። እንደዚያኛው እንዳይሆን።"

"ሊሆንም ይችላል" አሉ። አንገታቸውን አላዘነበሉም። "ብትነግሪን ግን ያንን ሽታ ብቻሽን አትሸከሚም ነበር። ብሩሹን ተቀብለን እኛ እናጸዳ ነበር። ሌላ ለምን ይነገራል?"

ይህን ያህል ዘመን ባሕሩ ይቆጣል ሲሉ ስሰማ ምን ማለታቸው እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ባሕሩ መቆጣት አላስፈለገውም። እኔ ደበቅኩ፣ ስለደበቅኩ ማንም ተራዬን አልወሰደም፣ ቀንድ አውጣዎቹ ገቡ።

ሴቶቹ ገቡ። ቀኑን ሙሉ አሸዋው ላይ ሆኜ አየኋቸው። ነፋሱ ሲዞር ሽታው መጣና በሁሉም ፊት አስመለሰኝ፣ ማንም ስለ ቆርቆሮ ዓሣ አልጠየቀኝም። ከሣጥኖቹ ውስጥ ከሞቱት የተረፉት ብዙ አልነበሩም። ግን ነበሩ፣ እንደ እጄ መዳፍ የሚሆኑ፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰማያዊ የሚያበሩ። ውሃው ሳይመለስ የመጨረሻዋን ቫሱዋ ኮራሉ ላይ አስቀመጧት።

ማታ ባላባቱ አስጠሩን፣ የሜሬዋይን ጉዞም ሰረዙ። ግዝቱ ይጸናል አሉ፣ "ሴሩዋያ የያዘችው ተወልዶ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ።" ሁሉም አጨበጨበ። ሶሎሞኔም አጨበጨበ፣ ፊቱ ግን ሬት የዋጠ ይመስል ነበር። ባሕሩን በሙሉ ሆዴ ላይ ሰቀሉት! ባይወለድስ? ማንም አልጠየቀም። አፒሳይ በመንገድ ላይ እጄን ያዘና "እኔም እፈራለሁ" አለ። ይህን ያህል ጊዜ አውቆ ዝም ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አልፌአለሁ። ጠዋት፣ አሸዋው ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሴቶቹ እየሳቁ ወደ ውሃው ሲወርዱ፣ ሜሬዋይ ከኋላ ቀርታ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆመች። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አልጠበቀችም። ብሩሹን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ጨርቅ አውልቃ ራሴ ላይ አለበሰችኝ፣ ጫፉንም ከአገጬ ሥር አሰረችልኝ።

"ፀሐዩ ከባድ ነው" አለች። "እኔ ስለተቀመጥኩበት አውቀዋለሁ።"

ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር።